ሐይቁ የሚጎድለው በአንዴ ነው

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለሐቢብ ኑርዬ፣ ካለህበት ጂዳ።

ሰላምታዬ የሐይቃችንን ያህል ይስፋ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ሰሞኑን የሐይቁን ስፋት በቁጥር ስላወቅኩት አነሰብኝ። እንግዲያው ሐይቁንም ጎረቤቱን የአርዲቦን ሐይቅም አልፎ፣ የአምባሰልን ተራራ ዘሎ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እዚያው ካለህበት ይድረስህ፣ ወንድም ዓለሜ። አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ሲሚንቶ እየተሸከምክ ደህና ነኝ ትላለህ? ምግብ ትበላለህ? ባለፈው በቪዲዮ ስትደውል ጉንጭህ ጎድሎ ያየሁት ከስልኩ ነው ወይስ ከአንተ? መስኡዳ ከስልኩ ነው እያለች ራሷን ታጽናናለች። እኔ ግን ሚስትህ አይደለሁምና አላምንም። እዚያስ በየበሩ ጎንበስ ትላለህ? እዚህ ቤት የበሩ ጉበን ላይ ግንባርህ የመታው ቦታ እስካሁን አለ፤ ሂንድ እንግዳ በመጣ ቁጥር የአባቴ ነው እያለች ታሳያለች።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ ደህና ነን የሚለውን ቃል አፋችንን ሞልተን ማለት የጀመርነው ገና በቅርቡ ነው። እማ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ማሻአላህ እንደ ድሮው ነው። መስኡዳ ክሳቷ ለቋታል። ሂንድ አባቴ ለኢድ ይመጣል እያለች ለሰፈሩ ሁሉ አውጃለች፤ ለሱቅ ባለቤቱ እንኳ ሳይቀር ነግራዋለች። ስለ አባ ከታች በሰፊው እጽፍልሃለሁ፤ ደብዳቤውም የተጻፈው በእሳቸው ምክንያት ነው።

በስልክ ብነግርህ ይቀል ነበር። ግን አንተ በደወልክ ቁጥር ቤቱ በሙሉ ስልኩ ላይ ይወድቃል፣ አባም ከጎኔ ተቀምጠው በዓይናቸው ይገሥጹኛል፣ ከዚያ ደግሞ መስመሩ ይቋረጣል። አሁን የሰፈራችን ሀሚዱ ወደ ጂዳ ሊመለስ ስለሆነ ይህን ወረቀት በእጁ ልኬልሃለሁ። አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። መጨረሻውን ለማየት ወደ ኋለኛው ገጽ እንዳትዘል። አውቅሃለሁ እኮ! ተረት ሲነገር እንኳ ጅቡ ሞተ ወይስ አልሞተም ብለህ መሀል ላይ የምታስቆም ሰው ነህ።

ነገሩ የጀልባህ ነው። ስለ ጀልባህ በጠየቅክ ቁጥር አባ ደህና ናት፣ አርፋለች ሲሉህ ከርመዋል። ፎቶዋን ላኩልኝ ስትልም የላክንልህ ከጦርነቱ በፊት የተነሳውን ነው። አብሽር፣ አትደንግጥ። ወላሂ አባ አልዋሹህም፤ እውነትም አርፋ ነበር። ያረፈችው ግን ሐይቁ ሥር ነው፣ የት እንደሆነም ማንም አያውቅም ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት አባ ከአስር ሶላት በኋላ ጠሩኝና፣ ሂዳያ፣ ለወንድምሽ ጻፊለት፣ ለኢድ አይምጣ፣ ሁለት ዓመት ይጨምር በይው አሉኝ። ለምን ስላቸው፣ ምን ላሳየው? በምን ሠርቶ ይብላ? እዚህ መጥቶ ከእኔ ጋር ባሕሩን ቁጭ ብሎ ሊያይ ነው? አሉ። እኔም እሺ አባ፣ እጽፋለሁ፣ ግን አንድ የጀመርኩት ሥራ አለ፣ እሱን ልጨርስ ብዬ ጊዜ ገዛሁ። ለመስኡዳ አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት?

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ያቺ ጀልባ ለውጥ መጣ ተብሎ ከተማው በጡሩምባ በሚናጥበት ሰሞን አንተና ጋሽ አያሌው ሳንቃ እየላጋችሁ የሠራችኋት ናት። ያኔ ሁሉም ሰው ነገ ጥሩ ይሆናል ይል ነበር፤ አንተም መዶሻ በያዝክ ቁጥር ትዘፍን ነበር። አንተ ከሄድክ በኋላ አባና ጋሽ አያሌው መረብ የጣሉት በእሷው ነው፣ ሁለት ቤት የበላውም ከእሷ ነው። ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ የመድፉ ድምፅ በአምባሰል በኩል እየቀረበ ሲመጣ ሰው ሁሉ ጓዙን ያስር ጀመር። አባ ግን ስለ ቤቱ ዕቃ ማንንም አልጠየቁም። ጀልባዋን ዳር ላይ ከተውናት ወይ ትሰበራለች ወይ ትማገዳለች አሉና ከፈጅር ሶላት በኋላ ጋሽ አያሌውን ይዘው ወደ ባሕሩ ወረዱ። ጀልባዋን ወደ ውስጥ ቀዝፈው፣ ድንጋይ ሞልተው፣ በገዛ እጃቸው አሰጠሟት። የተመለሱት ከኋላ አስረዋት በነበረችው በጋሽ አያሌው ታንኳ ነው። አባ ልብሳቸው ርሶ፣ ዓይናቸው ቀልቶ ሲገቡ አይቻቸዋለሁ። ውሃው ነው አሉ።

አባ በባሕሩ ላይ ቦታ የሚይዙበትን መንገድ አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። ዳር ያለውን አንድ ነገር ከጀርባው ካለው ሌላ ነገር ጋር ያሰልፋሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ እንዲሁ ሁለት ነገር ያሰልፋሉ፤ ሁለቱ መስመር የሚገናኙበት ያ ቦታ ነው። የዚያን ቀን ግን በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ጭጋጉ ወፍራም ስለነበር ሁለተኛውን መስመር ማየት አልቻሉም። የያዙት አንዱን ብቻ ነው። ዳር ላይ ከተደረደሩት ባሕር ዛፎች ረጅሙን፣ ከጀርባው ካለው የአምባሰል ተራራ ክፍተት ሥር አቆሙት። ለሁለተኛ ምልክት ይሆናል ብለው ደግሞ ጫፉ ላይ ድንጋይ ያሰሩበትን ገመድ ጣሉ። ገመዱ አልቆ እጃቸው ውሃ ሲነካ ድንጋዩ መሬት ያዘ። በቃ፣ ዛፉና ገመዱ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል ብለው መጡ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ። በጋሽ አያሌው ሚስት በእትዬ ባንቺአየሁ ዘመዶች ቤት፣ አርዲቦ ዳር ተጠልለን ከረምን። እነሱ ለእኛ ሥጋ ለብቻ ያሳርዱልን ነበር፣ እኛም በጾማቸው ቀን ሽሮውን ያለ ቅቤ አብረን እንበላ ነበር። አላህ ይስጣቸው፣ አንድም ቀን ፊት ነስተውን አያውቁም። አባ ያንን ገመድ ቀበቶ አድርገው ታጥቀውት ሄዱ፤ ሲተኙም አይፈቱትም። እኔ ኮምፒውተሬን በጋቢ አዝዬ ነው የወጣሁት። እማ በመንገዱ ሙሉ፣ ሰው ልጁን ያዝላል፣ አንቺ ብረት ታዝያለሽ፣ እስቲ ደግሞ አጥቢው! እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነበር።

ስንመለስ ዳር የቀሩት ጀልባዎች ሁሉ ተሰባብረው፣ ተማግደው አገኘናቸው። አባ እሱን ሲያዩ አልሐምዱሊላህ፣ የኛዋ ተርፋለች ብለው ዘወር አሉ። ዘወር ሲሉ ዛፎቹ የሉም። ያ ሁሉ ባሕር ዛፍ ለማገዶ ተቆርጦ አልቋል። አስበው ሐቢቤ፣ አባ የያዙት ምልክት ረጅሙ ዛፍ የሚል ነው። ዛፉ ሲቆም ረጅሙ የትኛው እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ከተቆረጠ በኋላ ግን ጉቶው ከጉቶው በምን ይለያል? ሁሉም እኩል ነው። አባ ከአንዱ ጉቶ ወደ ሌላው እየሄዱ፣ እያንዳንዱን በእጃቸው እየዳሰሱ ሲዞሩ እማ አላስቻላትም፣ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። አባና ጋሽ አያሌው ደንገል ውስጥ ተደብቃ በተረፈችው ታንኳ እየወጡ ገመዳቸውን ይጥላሉ፤ ገመዱ አልቆ እጃቸው ውሃ የነካበት ቦታ ሲደርሱ መንጠቆ እየጎተቱ ታቹን ይቧጥጣሉ። ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ፣ ደግሞ ይቧጥጣሉ። ጋሽ አያሌው ወደ ገዳሙ በኩል ነበርን ይላሉ፤ አባ የለም ወደ ወደቡ ነበርን ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን አብረው መረብ የጣሉ ሰዎች በአንድ ታንኳ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሲመለሱ ብታይ በሳቅ ትሞት ነበር፤ እኛ ግን አልሳቅንም። አባ ሲቀዝፉ የሚያንጎራጉሩትን አምባሰል ታስታውሳለህ? እሱ ቀረ። ምግብ ሲቀርብ በልቻለሁ ይላሉ፤ የት እንደበሉ አላህ ይወቅ። በመጨረሻም ያልኩህን፣ አይምጣ ብለሽ ጻፊ የሚለውን አመጡ።

አሁን ወደ እኔ ሥራ ልምጣ፤ አንተ የማይገባኝን ነገር አትንገሪኝ እንደምትል አውቃለሁ፣ ግን ይህ ይገባሃል፣ ዓሣ አጥማጅ ነህ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለመመረቂያ ከመምህሬ ጋር የሐይቁን ጥልቀት ስንለካ እንደነበር ታስታውሳለህ? በሞተር ጀልባ እየዞርን፣ ድምፅ ወደ ታች በሚልክ መሣሪያ፣ ፀሐይ ፊቴን አቃጥሎኝ አንተ ከሰል ያልከኝ ጊዜ። ያ ሁሉ ልኬት ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። ያለው ደግሞ ማትሪክስ በሚባል መልክ ነው። ማትሪክስ ማለት ቁጥር በረድፍና በአምድ የተደረደረበት ትልቅ ሠንጠረዥ ነው። ሐይቁን በሙሉ የሚሸፍን አንድ መረብ ዘርግተሃል በል፤ በእያንዳንዱ የመረቡ ዓይን ውስጥ ከዚያ በታች ያለው ውሃ ምን ያህል እንደሚጠልቅ የሚናገር አንድ ቁጥር ተቀምጧል። የዓይኖቹ ብዛት ሚሊዮኖች ነው። እንግዲህ አባ የነገሩኝን ይዤ፣ ከእነዚህ ዓይኖች መካከል የትኞቹ ናቸው ጀልባችን የምትሆንባቸው ብዬ ኮምፒውተሩን ልጠይቅ አሰብኩ።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት መጀመሪያ እንደተማርኩት ነው። ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምር፣ የመጀመሪያውን ዓይን እይ፣ ጥልቀቱ ከገመዱ ጋር ይስማማል ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ርቀቱን አስላ፣ መስመሩን አስላ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ዓይን እለፍ። እንዲህ እየዞሩ መሄድ ሉፕ ይባላል። ትክክል ነው፣ ስህተት የለበትም፣ ግን ይዘገያል። አሮጌዋ ኮምፒውተሬ ደግሞ እንደ እማ ጉልበት ናት። ባትሪዋ ሞቷል፤ የምትሠራው መብራት ላይ እስከተሰካች ብቻ ነው። መብራቱን ደግሞ አታንሳው! ከጦርነቱ ወዲህ ብቅ ይልና ገና ስልክ ሳንሰካ ይጠፋል። ፕሮግራሙ የሐይቁን ጥግ እንኳ ሳይጨርስ ድርግም። ሲመጣ እንደገና ከመጀመሪያው ረድፍ። ድርግም። አንድ ቀን ተናድጄ ኮምፒውተሯን ዘግቼ አለቀስኩ። መስኡዳ ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ ጥርሴን ነው አልኳት።

አየህ ግን፣ አባ ባሕሩ ላይ የሚያደርጉትና እኔ ኮምፒውተር ላይ የማደርገው አንድ ነበር። ሁለታችንም አንዷን ቦታ ቧጥጠን፣ ፈቀቅ ብለን፣ ሌላዋን እንቧጥጥ ነበር። ያን ጊዜ ግን አልታየኝም።

የታየኝ ከእማ ጋር ልብስ ልናጥብ የወረድን ቀን ነው። እማ የማጠቢያ ድንጋይዋ አጠገብ ደርሳ ቆማ ባሕሩን ትሳደብ ጀመር። ውሃው ሸሸኝ፣ ጥቅምት ላይ ድንጋዬ ጫፍ ድረስ ነበር፣ አሁን ከእግሩ ወርዷል፣ በዚህ ጉልበቴ እስከ የት ልከተለው ነው? አለች። እውነትም ድንጋዩ ላይ ውሃው የደረሰበት ነጭ መስመር ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ይታያል። እኔ ሳሙናውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ለካ አባ ገመዱን የጣሉት ክረምቱ ሐይቁን ሞልቶት በሄደበት ሰሞን ነው! አሁን የምንፈልገው በየካቲት ነው። ያኔ ገመዱ ባለቀበት ቦታ ላይ ዛሬ ገመዱ ይተርፋል። አባ ገመዱ የሚያልቅበትን ሲፈልጉ ከጀልባዋ አልፈው፣ ወደ ጥልቁ ገብተው ነው የሚቧጥጡት። የእኔም ልኬት በበጋ የተለካ ነው፤ ስንለካ ውሃው ልክ እንዳሁኑ ከእማ ድንጋይ እግር ላይ ነበር። እኔም ብሆን ፕሮግራሜ ቢጨርስልኝ የሚነግረኝ ያንኑ የተሳሳተ ቦታ ነበር።

ወዲያው ደግሞ ሁለተኛው ነገር መጣልኝ። እሺ፣ እያንዳንዱን ዓይን እየዞርኩ ውሃው የጎደለውን ያህል ልጨምርበት ብዬ ሳስብ በራሴ ሳቅኩ። ሐይቁ ሲሞላ አንዷን ቦታ ሞልቶ፣ ጨርሶ፣ ወደ ሌላዋ ይሄዳል እንዴ? የገዳሙን በኩል ዛሬ፣ የእኛን በኩል ነገ? ሐይቁ ሲሞላም ሲጎድልም በአንዴ ነው። እኔም ማትሪክሱን በአንዴ ማዘዝ እችላለሁ፤ መምህሬ ሉፕ ተዉ፣ ሙሉውን በአንድ ቃል እዘዙት እያለ ስንት ጊዜ ለፍልፏል! ፈተናውን ለማለፍ በቃሌ ይዤው ነበር እንጂ ገብቶኝ አያውቅም ነበር። እማ ድንጋይዋ ላይ ቆማ ባሕሩን ስትሳደብ ገባኝ። ልብሱን ጥዬላት ሮጥኩ። እስካሁን ይቅር አላለችኝም።

ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጻፍኩት፣ አጭር ሆነ። አንደኛው መስመር፣ ለማትሪክሱ በሙሉ ይህችን ቁጥር ጨምርበት ይላል። ሐይቁ በአንዴ ወደ ጥቅምት ተመለሰ። ሁለተኛው፣ ጥልቀቱ ከአባ ገመድ ጋር የሚስማማበትን ሁሉ አንድ፣ የማይስማማበትን ሁሉ ዜሮ በል ይላል። ይህ ልክ እንደ መጀመሪያው የሆነ ሌላ መረብ ይሠራል፤ ዓይኖቹ ግን የሚሉት አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው። ሦስተኛው መረብ ከወደቡ ያለውን ርቀት ይጠይቃል፤ አባና ጋሽ አያሌው ከፈጅር በኋላ ተነስተው ፀሐይ ሳትወጣ ስለቆሙ፣ በዚያ ጊዜ ቀዝፈው ከሚደርሱበት የሚርቀውን ሁሉ ዜሮ ያደርጋል። አራተኛው ከየጉቶው ተነስቶ የአምባሰሉን ክፍተት በሚያሳየው መስመር ላይ ያልሆነውን ይሰርዛል፤ ጉቶዎቹ ያሉበትን ቦታ በስልኬ ዞሬ ይዤዋለሁ። ከዚያ መረቦቹን አንዱን በአንዱ ላይ ታነባብራለህ፤ በሁሉም አዎ የሆነው ዓይን ብቻ ይቀራል። አንተ ትንንሹን ዓሣ አንድ በአንድ እየለቀምክ ወደ ውሃ ትጥላለህ? የመረቡ ዓይን ራሱ ያሳልፈዋል እንጂ። እንደዚያ ነው። በማግስቱ መብራት በዙህር ሰዓት መጣ፤ እኔ ቢስሚላህ ብዬ ነካሁት፤ እማ በሩ ላይ ቆማ የልብሷን ነገር ስታነሳብኝ መልሴን ሳልጨርስ ኮምፒውተሩ ጨረሰ።

ዘልዬ አባን ጠራኋቸው። ሐይቁን ስሎ፣ ልትሆንባቸው የምትችለውን ቦታዎች በቀይ ነጥብ አሳይቷል። አባ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ፣ ራቅ አሉ፣ ደግሞ ጠጋ አሉ። ከዚያ፣ ልጄ፣ ጀልባዬን አመነኮስሻት እንዴ? አሉኝ። ሳየው ቀዮቹ ነጥቦች ውሃ ላይ አይደሉም፤ እስጢፋኖስ ገዳም ግቢ ውስጥ፣ የብስ ላይ ናቸው! ለካ ነጥቦቹን ስስል ረድፉን በአምዱ ቦታ፣ አምዱን በረድፉ ቦታ አቀያይሬዋለሁ። አባም አላቆሙም፣ ደግሞ ሴት አይገባበት፣ አንቺ ገብተሽ አታወጪያት፣ እኔ ደግሞ ኑርዬ ነኝ፣ መነኮሳቱን ጀልባዬን ስጡኝ ብዬ ልለምን ነው? እያሉ ሳቁ። ሳቁ እልሃለሁ! እስኪያስላቸው ድረስ። እማ ከጓዳ ሮጣ ወጣች፤ እሳቸው ሲስቁ አይታ እሷ ማልቀስ ጀመረች። እኔም በሳቃቸውና በለቅሶዋ መሀል አስተካከልኩትና መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት እንደገና ነካሁት። አሁን ሦስት ትንንሽ ቦታ ብቻ ቀረ፣ እያንዳንዱ በአንድ ጉቶ መስመር ላይ፣ ሦስቱም ውሃ ላይ፣ ሦስቱም አባ ከሚቧጥጡበት ይልቅ ወደ ዳር የቀረቡ።

ለጋሽ አያሌው ስነግራቸው አሃ፣ ውሃው! ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። ባለፈው ሳምንት ጁምዓ ከሰገድን በኋላ ከአባ ጋር ወጡ። ግን ባሕሩ ላይ ሆነው መስመሩን የሚያሰልፉበት ዛፍ የለም፣ ጉቶው ደግሞ ከሩቅ አይታይም። ስለዚህ እማን ጉቶ ላይ አቆምናት። ቀይ ሻሿን አስራ፣ ዱላዋን ይዛ፣ ቀጥ ብላ። መጀመሪያ አንደኛው ጉቶ ላይ አቆምናት፤ የዚያ መስመር ለጋሽ አያሌው ግምት የቀረበ ነበር፤ ቧጠጡ፣ ምንም የለም። ጋሽ አያሌው አንገታቸውን ደፉ። ቀጥሎ በአባ ግምት በኩል ወዳለው ጉቶ ወሰድናት፤ እዚያም ምንም። አባም አንገታቸውን ደፉ። ንፋሱ ተነሳ፣ እማም ከዳር ሆና አንተ ኑርዬ፣ ጉልበቴ! እያለች ትጮኻለች። የቀረው በሁለቱ መሀል ያለው ብቻ ነበር። እኔ ዱዓ አደርጋለሁ። እዚያም ባትገኝ በማግስቱ ያንን አይምጣ የሚለውን ደብዳቤ መጻፌ ነው።

እማ ሦስተኛው ጉቶ ላይ ወጣች። አባ ከታንኳዋ ላይ ሆነው ቀና ብለው ረዥም ጊዜ አዩአት። ኋላ ሲነግሩኝ፣ እናትሽን ያን ያህል ትኩር ብዬ ያየኋት የተጋባን ቀን ብቻ ነው አሉ። እሷን ከአምባሰሉ ክፍተት ሥር እስኪያገኟት በቀኝ በግራ ቀዘፉ፣ ከዚያ ጋሽ አያሌው መንጠቆውን ጣሉ። መንጠቆው ያዘ። ጎተቱት፣ አልመጣም። እንደገና ጎተቱት። ጋሽ አያሌው ድንጋይ ነው አሉ፤ አባ ግን ድንጋይ እንዲህ አይዝም፣ እንጨት ነው አሉና ሸሚዛቸውን አወለቁ። በዚህ ዕድሜያቸው ዘለው ገቡ! እማ ከጉቶው ላይ ሆና የጮኸችውን ጩኸት መነኮሳቱም ሳይሰሙት አይቀሩም። አባ ብቅ ሲሉ እጃቸውን ከፍ አድርገው ያዙ፤ በእጃቸው ላይ አረንጓዴ ቀለም ነበር፣ አንተ የቀባኸው።

በማግስቱ ወጣቶቹ እየጠለቁ ድንጋዩን አወጡላት፣ የሰፈሩ ሰው ከዳር ገመድ ጎተተ፣ እትዬ ባንቺአየሁ ለጎታቹ ሁሉ ቆሎ አዞረች። ጀልባህ አፍንጫዋ ቀድማ ወጣች። ሳንቃዋ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል እንጂ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። ጋሽ አያሌው እየዞሩ በቡጢ መቷት፣ ጆሯቸውን አስደግፈው አዳመጧት፣ ከዚያ አባን አቅፈው ሁለቱም ሽማግሌዎች ጭቃ ውስጥ ቁጭ አሉ። አሁን ፀሐይ በድንገት እንዳይሰነጥቃት እርጥብ ጆንያ ለብሳ ጥላ ሥር ናት፤ ሂንድ ጠዋት ማታ ውሃ ታጠጣታለች፣ በየቀኑ እያደገች ነው ብላም ታምናለች። አባ እንደገና ያንጎራጉራሉ። በእኔ በኩል ነበረች፣ የለም በእኔ በኩል ነበረች የሚለው የእሳቸውና የጋሽ አያሌው ክርክር ግን አላለቀም፣ የሚያልቅም አይመስለኝም።

እኔን ደግሞ ሰፈሩ መሐንዲሷ እያለ ይጠራኛል፤ እማ ብቻ አንቺ ልብስ ጥለሽ የሮጥሽ ትለኛለች።

ትናንት አባን፣ እንግዲህ ያንን ደብዳቤ ልጻፈው ወይ ብዬ ነካኋቸው። የትኛውን? አሉ፣ ምንም እንዳላሉ። አይምጣ የሚለውን ስላቸው፣ ማን ነው እንደሱ ያለው፣ ነውረኛ! አሉና ወጡ። ከበር ላይ ተመልሰው ግን፣ ሻዕባን ገብቷል በይው፣ ረመዳን ደርሷል በይው፣ ጀልባዋን እሱ ሳይመጣ ውሃ ላይ አላወርዳትም፣ የመጀመሪያውን መቅዘፊያ የሚይዘው እሱ ነው በይው አሉ። እነሆ አልኩህ።

ሁሉም ሰላም ይሉሃል። መስኡዳ ይህን ሁሉ የሰማችው ጀልባዋ ከወጣች በኋላ ነው፤ አባን ለሁለት ቀን አኮረፈቻቸው፣ በሦስተኛው ቀን የሚወዱትን ገንፎ ሠራችላቸው። ለአንተ ያላት ቃል በሌላ ወረቀት ነው፣ ታሽጓል፣ እኔ አላነበብኩትም፤ ብዙ ግን ሞክሬ ነበር። ሂንድ አባቴ በጀልባ ነው ወይ የሚመጣው ብላ ትጠይቅሃለች። ጋሽ አያሌው፣ የጀልባዋ የግራ ጎን ሳንቃ የጠበቀው እኔ ስለመታሁት ነው፣ እመንበት ይሉሃል። እትዬ ባንቺአየሁ አገርህ ያግባህ፣ ከነጤናህ ያምጣህ ትላለች። እኔ እህትህ ሁለት ጉንጭህን እስማለሁ፤ ከጎደሉም እኛው እንሞላቸዋለን።

እማ ግን የመጨረሻውን ቃል ለእኔ ተይልኝ ብላ ካጠገቤ ተቀምጣለች። እንዲህ በይው ትላለች። ያ ጉቶ አቆጥቁጧል፣ ግን እስኪረዝም ዓመታት ይፈልጋል። እስከዚያ አባትህ ውሃ ላይ ሆነው ቀና ሲሉ አሻግረው የሚያዩት ረዥም ነገር ያስፈልጋቸዋል። እኔ ባሕር ዛፍ አይደለሁም፣ ጉልበቴም አይችልም። ከዚህ ቤት ረዥሙ አንተ ነህ። ናና ቁም።

እህትህ ሂዳያ ኑርዬ

ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ
የካቲት 29 ቀን 2014 ዓ.ም.